የዘነበወርቅን ታፔላ ማን አወረደው?

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ የሚሳፈር ሰው የሁለት እህትማማቾችን ሰፈር ያቋርጣል። የአንደኛዋን ስም ረዳቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጠራው ይውላል፤ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» የሌላኛዋን ስም የሚጠራ ግን የለም። እንዲያውም ለተሳፋሪው ታክሲ የያዘበት ሰፈር በአንዲት ልዕልት ስም የተሠራ ሆስፒታል ያለበት ነው ብትሉት «የትኛዋ ልዕልት?» ማለቱ አይቀርም።

ልዕልት ፀሐይ ናት። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ፣ የልዕልት ዘነበወርቅ ታናሽ እህት። ቤተሰቡ በስደት እንግሊዝ አገር ሳለ ለንደን ውስጥ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ መጣች፤ ብዙም ሳትቆይ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ውስጥ ገንዘብ አሰባስባ፣ ደብዳቤ ጽፋ፣ ባለሥልጣን አስጨንቃ በስሟ ሆስፒታል እንዲሠራ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። «የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል» ተባለ። ከአብዮቱ በኋላ ወታደሩ ተረከበውና ታፔላው ተቀየረ፤ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ሰፈሩም አዲሱን ታፔላ ተከትሎ «ጦር ኃይሎች» ሆነና ቀረ።

ዘነበወርቅ ደግሞ ከእህቷ ቀድማ ነው የሞተችው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለች ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። ጋብቻው የፖለቲካ ጋብቻ ነበር፤ ምሥራቅ ትግራይን ከማዕከሉ ጋር ለማሰር የታሰበ። ልጅቱ ብዙ ሳትቆይ እዚያው ትግራይ ውስጥ አረፈች። ባልየው በ1928 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር ለጣሊያን ገባ። (የታሪክ መጻሕፍት ስለ ባልየው ክህደት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ስለ ልጅቱ ግን ሁለት መስመር። እሷን በስም የሚያስታውሳት ሰው ቢፈለግ የታክሲ ረዳቶቻችን ሳይበልጡ አይቀሩም።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ፣ በሁለት እህትማማቾች ስም የተሰየሙ ሁለት ሆስፒታሎች ነበሩ። የሁለቱም ታፔላ ወርዷል። የአንደኛዋ ስም ከታፔላው ጋር ወረደ፤ የሌላኛዋ በሕዝብ አፍ ቀረ። ይሄ ለምን ሆነ? ከዚያም የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ በዚህች ከተማ የአንድን ታሪካዊ ሰፈር ሕንፃ ወይም ታፔላ ለመቀየር የተነሣን ሰው «ቆይ እስኪ፣ ይሄ ቦታ ምን ነበር?» ብሎ የመጠየቅ ሥራ የማን ነው?

በዘነበወርቅ እንጀምር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚህ ምዕራባዊ አቅጣጫ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ አቋቋሙ። ከከተማው ወጣ ማለቱ በአጋጣሚ አይደለም። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማለት በአብዛኛው ሰውን ከሰው መለየት ነበር። የበሽታው ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌይ ውስጥ ቢታወቅም አስተማማኝ መድኃኒት ገና አልነበረም፤ ያለው መድኃኒት ርቀት ነው። ሆስፒታሉም በሟቿ ልዕልት ስም ተሰየመ።

ሕሙማኑ ከየክፍለ ሀገሩ በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በአውቶቡስ መጡ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ቢድኑም የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም፤ የትውልድ መንደራቸው አንድ ጊዜ ሸኝቷቸዋል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ እድር አቋቋሙ። ጥልፍ የሚጠልፉ ሴቶች ሥራቸውን ለፈረንጅ ሸጡ፤ የቀረው ለምኖ አደረ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ። እንግዲህ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር አመሠራረቱ ይሄ ነው። ሌላው አዲስ አበባ በራሶችና በደጃዝማቾች ዙሪያ ሲሰፍር ዘነበወርቅ በሐኪም ቤት ዙሪያ ሰፈረ።

በ1958 ዓ.ም ታኅሣሥ ውስጥ በዚሁ ግቢ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ማዕከል ተመሠረተ። መላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችንና ሠራተኞችን የሚያሠለጥንበት ቦታ ሆነ፤ ከመሥራቾቹ መካከል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል። በእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው «አለርት» ተባለ። የልዕልቷም ሆስፒታል በአለርት ሥር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እዚያው ግቢ የምርምር ተቋም አቋቋሙ፤ ስሙን ተሕዋሱን ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም አርማወር ሐንሰን አሉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዘነበወርቅ ስም ከታፔላው የወረደው በደርግ አይደለም። በገዛ አባቷ ዘመነ መንግሥት፣ ለበጎ ሥራ፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃረ ቃል ተተክቶ ነው።

ስሙን ያዳነውም ይሄው ይመስለኛል። አብዮቱ ሲመጣ ከየታፔላው ላይ የንጉሣውያን ቤተሰብን ስም መፋቅ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባለ። በወንድማቸው በሐረሩ መስፍን በልዑል መኮንን መታሰቢያነት የተሠራው ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ ሆነ። የፀሐይ ጦር ኃይሎች ሆነ። ዘነበወርቅ ግቢ የደረሰ ካድሬ ግን የሚፍቀው ነገር አላገኘም፤ በሩ ላይ ያለው አለርት ነው። የልዕልቷ ስም በዚያን ጊዜ ወረቀት ላይ ሳይሆን በሰፈርተኛው አፍ ነበር። ደግሞም የማን አፍ? ከተማው ዞር ብሎ የማያያቸው ሰዎች አፍ። ማንም ሊያርመው አልመጣም። (ይሄ የኔ ግምት ነው፤ የተሻለ ማብራሪያ ያለው ካለ ደስ ይለኛል።)

በነገራችን ላይ «ታፔላ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ አዲስ አበባን እንደገና ለመሰየምና ለመከፋፈል ብዙ ደክሟል። የምኒልክን ሐውልት አውርዶ ቀበረ፤ አራዳን ለነጮች ለይቶ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋ። ሐውልቱ ነፃነት ሲመጣ ተመልሶ ቆመ። «መርካቶ» እና «ፒያሳ» ግን በአፋችን ቀሩ። አንድ ስም እንዲቀር ወይም እንዲጠፋ የሚያደርገው ሁልጊዜ አዋጅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕንፃ እንደ ስም አይደለም። ስም በአፍ ይኖራል፤ ሕንፃ ከፈረሰ ፈረሰ ነው። ለዚህ ነው ሌላው ዓለም አስቀድሞ የሚጠይቅ አካል ያቋቋመው። የዚህ ነገር ፈር ቀዳጅ ቻርልስተን የምትባል የአሜሪካ የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1931 የከተማውን አሮጌ ክፍል በካርታ ከልላ፣ በክልሉ ውስጥ የሕንፃ ውጫዊ ገጽታ ለውጥን የሚመረምር ቦርድ አቋቋመች። አሠራሩ ቀላል ነው። መስኮትህን ልትቀይር፣ በረንዳ ልትጨምር፣ ታፔላ ልትሰቅል ስትፈልግ ንድፉን ይዘህ ትቀርባለህ። ቦርዱ በአደባባይ ይሰበሰባል፤ ጎረቤትህም መጥቶ ሊናገር ይችላል። ጥያቄው «ቤቱ ያንተ ነው ወይ?» አይደለም፤ እሱማ ያንተ ነው። ጥያቄው «ከመንገድ የሚታየው ይሄ ለውጥ ከሰፈሩ ጋር ይሄዳል ወይ?» ነው። ኒው ዮርክ ግን እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣችው ትልቁን የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያዋን እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ከጀመረች በኋላ ነው፤ ሕጉ በ1965 ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቻርልስተንን ሳነሣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። እንዲህ ያለ ክልል ሲጠበቅ ቤቱ ይወደዳል፤ ቤቱ ሲወደድ ድሃው ይወጣል። እዚያም ተቺዎች የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ አሮጌው ሰፈር ሲያምር የቆዩት ጥቁር ነዋሪዎች ተገፉ። መስኮቱን አድኖ በመስኮቱ ይመለከት የነበረውን ሰው ማባረር አለ። ይሄን ጉዳይ በልባችሁ ያዙልኝ።

ወደ እኛ እንመለስ። የመጀመሪያው የቅርስ ሕጋችን እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ነው። በአገራችን ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጥንታዊ የሚለውን ሲተረጉም ከ1850 ዓ.ም በፊት የተሠራውን ነው ያለው። አስሉት፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ሕጉ ሲወጣ መላዋ ዋና ከተማ፣ ከነምኒልክ ቤተ መንግሥቷ፣ ከነአራዳ ጊዮርጊሷ፣ በሕግ ዓይን ጥንታዊ ልትሆን 29 ዓመት ጎድሏት ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ሲጽፉ በዓይነ ሕሊናቸው የነበሩት አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ናቸው። የሚኖሩበትን ከተማ ታሪክ አለው ብሎ ማሰብ ለሰው ከባድ ነው መሰል።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም መጣ። አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። ብዙ የመኳንንት ቤቶች፣ ባለ ሰገነቱ፣ ባለ እንጨት ፈርፈር በረንዳው ሁሉ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ብዙ አባወራ በየክፍሉ ተከፋፍሎ የሚኖርበት ግቢ ሆኑ። የዚህ አዋጅ ውጤት ለቅርስ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ባለቤት ጠፋ፤ በጥቂት ብር ኪራይ የሚኖር ሰው የሚያፈስ ጣሪያ አይጠግንም፣ ቀበሌም አይጠግንም። በሌላ በኩል አፍርሶ ፎቅ የሚሠራ ባለሀብትም አልነበረም። አሮጌው አዲስ አበባ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቆየው በጥበቃ አይደለም፤ በድህነት ተረስቶ ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። «በአዲስ አበባ የሕንፃ ለውጥን አስቀድሞ የሚመረምር የአካባቢ አስተዳደር የለም» የሚል ሰው ካለ የቀበሌ ቤት ተከራይቶ አያውቅም ማለት ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሦስት ቆርቆሮ ለመቀየር ደብዳቤ ይጽፋል። የመጸዳጃ ቤት በር ለመግጠም ደብዳቤ ይጽፋል። ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ ይለካል፣ «ቀድሞ ከነበረው እንዳያልፍ» ብሎ ይፈርማል። ከቻርልስተን ቦርድ የባሰ ጥብቅ ነው! ልዩነቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። የወረዳው ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይዞታ አስፋፍተሃል ወይስ አላስፋፋህም? ቤቱ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት፣ በሩ ለምን ወደ ምሥራቅ እንደዞረ የሚያገባው የለም።

ሕጉ ራሱ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ይሄን መካድ አይገባም። በ1982 ዓ.ም አዋጅ 36 ወጣ፤ በ1992 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ 209። ይሄ የመጨረሻው ቅርስን በሰፊው ተረጎመ። ቅርስን ለመጠገን የባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ከሁሉም በላይ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ድንጋጌ አስገባ፤ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰብስበው የሚገኙበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በነጋሪት ጋዜጣ «የተከለለ» ብሎ ሊያውጅ ይችላል፤ በተከለለው ቦታ ያለ ፈቃድ ሕንፃም ሆነ መንገድ መሥራት፣ መቆፈር ክልክል ነው። እንግዲህ ታሪካዊ ሰፈር የሚለው ሐሳብ በሕጋችን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አንድን ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈርን ማየት የሚያስችል ዓይን ነበር። በ2006 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለይቶ የክልሎችን ድርሻ ግልጽ አደረገ።

ሰፈርን እንደ ሰፈር መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ሐረር መሄድ ነው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበው አንድ መስጊድ ወይም አንድ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ግንቡ፣ 82 መስጊዶቹ፣ 102 አድባራቱ (አዋች ይሏቸዋል)፣ ጠባብ መንገዱና ነዋሪው የሚኖርበት የሐረሪ ቤት አንድ ላይ ነው። እዚያ ለጁገል ብቻ የቆመ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። ችግር የለም ማለቴ አይደለም። ሰው ይበዛል፣ ሱቅ ይሠራል፣ ብሎኬት ይገባል። ነገር ግን ቢያንስ «ብሎኬት ማስገባት እችላለሁ ወይ?» የሚባልበት በር አለ። ጎረቤታችን አስመራም ታሪካዊ ማዕከሏ ውስጥ አዲስ ግንባታን እ.ኤ.አ. በ2001 አግዳ ቆይታ በ2017 ተመዘገበች፤ ዋጋው ግን ሕንፃዎቹ ብዙ ጊዜ እድሳትም ሳያገኙ መቆየታቸው ነው።

አዲስ አበባስ? በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) «የሕንፃ ሹም» የሚባል ባለሥልጣን አመጣልን። ስሙ ደስ ይላል፤ የድሮ ሹመት ይመስላል። ልትገነባ ስትፈልግ የፕላን ስምምነት ትጠይቃለህ፣ ካርታህን ታቀርባለህ፣ ንድፍህን ታስገባለህ። ሹሙ ከፍታውን፣ ከወሰን ያለውን ርቀት፣ አገልግሎቱን ከከተማው ፕላን ጋር ያመሳክራል። ቤቱ በቅርስ ዝርዝር ላይ ካለ ጉዳዩ ወደ ባህልና ቱሪዝም ሰዎች ይሄዳል። ከሌለ አይሄድም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ አለህ ወይስ የለህም? ሹሙ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጠን ታሪክ ከየት ያምጣው?

የታፔላ ነገር ደግሞ ሌላ መስኮት ነው። በ2004 ዓ.ም የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ (759) የውጭ ማስታወቂያን ደንገግ አደረገ፤ የአገር ውስጥና የውጭ ቋንቋ በአንድነት ከተጻፈ የአገሩ ቋንቋ ይቅደም ወይም ከላይ ይሁን አለ። ጥሩ ነው። ነገር ግን አሮጌ ታፔላ ራሱ ታሪክ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ብዙም አልሰማሁም። በእጅ የተጻፈ የልብስ ሰፊ ቤት ታፔላ ይወርድና ባነር ይሰቀላል። ባነሩም በክረምቱ ነጥቶ በሌላ ባነር ይተካል። የአንድ ሠዓሊ የእጅ ጽሑፍ ዘመን እንዲህ ነው ያለቀው፤ ማንም ሳይፈርምበት።

ሰው ሲጮህ ግን ይሰማል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም ለባቡሩ ዋሻ ሲባል ሲነሣ የከተማው ሰው ተንጫጫ፤ በ2008 ዓ.ም ተመልሶ ቆመ። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተገኘው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰማዕት ስለሆኑ ነው። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም ሲቃጠል ያለቀሱ አሉ፤ ተጠግኖም ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም ግን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመሬት ተነሡ። ባለሥልጣናቱ የተመዘገቡ ቅርሶች አይነኩም አሉ። እሺ፤ የተመዘገበው ቤት ብቻውን ቆመ እንበል። ዙሪያውን የነበረው ሰፈር፣ ቤቱን ቤት ያደረገው ጉርብትና ከሄደ፣ የቆመው ነገር ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ጥርስ ነው።

በዚያው ዓመት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ባለሕንፃዎች ፊት ለፊታቸውን እንዲያድሱ፣ በተወሰነ ቀለም፣ በአብዛኛው በግራጫ፣ እንዲቀቡ ታዘዙ። ታፔላም ወጥ እንዲሆን ተባለ። እስኪ አስቡት! የከተማዋ አስተዳደር የሕንፃ ገጽታና ታፔላን በስፋት ሲመረምርና ሲያስቀይር በዚህ መጠን ታይቶ አያውቅም። አቅም የለም፣ ሰው አይታዘዝም የሚለው ሰበብ በዚያው አከተመ። አቅሙ አለ። አቅሙ የተጠየቀው ግን ሁሉም አንድ እንዲመስል ነው፤ የታሪካዊ ሰፈር ምርመራ ደግሞ የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው፤ ይሄ ሰፈር ከዚያኛው የሚለይበት ነገር እንዳይጠፋ።

አሁን ዘነበወርቅን በዚህ ዓይን እዩት። መዝጋቢ ባለሙያ መጥቶ ቢዞር ምን ይፈልጋል? የራስ ቤት፣ የደጃዝማች እልፍኝ፣ የአርመን ወይም የህንድ አናጢ የጠረበው ሰገነት። ዘነበወርቅ ውስጥ ራስ አልሰፈረም። የሰፈረው ከራስ እስከ ገባር ሁሉም የሸሸው ሰው ነው። የጭቃ ቤት፣ የጨረቃ ቤት፣ ቆርቆሮ። በዕድሜ፣ በማዕረግ፣ በውበት ቢመዘን ከዝርዝሩ ይወድቃል። በታሪክ ቢመዘን ግን የአገሪቱ ዘመናዊ ሕክምና፣ የሚሽነሪዎች ታሪክ፣ የአንዲት ልዕልት መታሰቢያ፣ የአፍሪካ ሐኪሞች ማሠልጠኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቤተሰባቸው ተቆርጠው አዲስ ቤተሰብ የሠሩ ሰዎች ታሪክ በአንድ ቦታ የተከማቸበት ስንት ሰፈር አለን?

ከተማውስ ለዚህ ሰፈር ምን ሰጠው? ከ1956 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ቆሻሻውን። ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ የተከፈተው እዚሁ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ማየት የማይፈልጋቸውን ሰዎች፣ ቀጥሎ ማየት የማይፈልገውን ቆሻሻ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ሌሊት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። አንድ ቦታ ታሪክ እንደሌለው ተቆጥሮ ሲኖር የሚሆነው ይሄ ነው፤ ምንም ነገር ቢደፋበት «እዚህ ምን አለ?» የሚል አይነሣም።

በአለርት ግቢ ስሙ የተጻፈለት ሐንሰን የኖርዌይ ከተማ የበርገን ሰው ነው። በርገን ውስጥ ቅዱስ ዮርገን የሚባል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አለ፤ የዛሬ ሕንፃዎቹ ከ1702ቱ (እ.ኤ.አ.) ቃጠሎ በኋላ የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ቤተ መንግሥት አይደሉም፤ ሕሙማን ሁለት ሁለት ሆነው የሚያድሩባቸው ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን እዚያው ከ50 ዓመት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1946 ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከተማው ቤቱን አላፈረሰውም፤ እንደነበረ አቆይቶ ሙዚየም አደረገው። የከተማው የሥጋ ደዌ መዛግብትም እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ገቡ። አሜሪካም ሃዋይ ውስጥ ሕሙማን ይጋዙበት የነበረውን ካላውፓፓን እ.ኤ.አ. በ1980 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ስታደርግ በዚያ የነበሩት አረጋውያን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በቤታቸው እንዲኖሩ ፈቅዳ ነው። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሰፈርን መጠበቅ ሰውን ከማባረር ጋር የግድ አይሄድም።

ዘነበወርቅ ይከለል፣ አንድ ቆርቆሮ አይነካ ማለቴ አይደለም። እዚያ የሚኖር ሰው የሚያፈስ ጣሪያውንና የጋራ መጸዳጃውን እንደ ቅርስ አቆይልኝ ብሎ አይለምንም፤ የተሻለ ቤት ይገባዋል። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። የፕላን ስምምነት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ይህ ቦታ ከዚህ በፊት ምን ነበር?» መልሱንም ባለሙያ ብቻ አይሙላው። የሰፈሩ የእድር ዳኞች ይጠየቁ። የትኛው ክፍል መጀመሪያ እንደተሠራ፣ ከየት አገር የመጡ ሰዎች የቱ ጋ እንደሰፈሩ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ሸንጎ ይቀመጡ እንደነበር የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ከዚያ ይፍረስም ከተባለ ይፍረስ፤ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ ተጽፎ።

እድር ካነሣን አይቀር፣ የእድር ደብተር ተራ ነገር አይደለም። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን ድንኳን እንደተተከለ ተጽፎ ይኖራል። በርገን በዓለም መዝገብ ያስገባችው መዝገብ ሐኪሞች ስለ ሕሙማን የጻፉት ነው። የእድር ደብተር ግን ሰዎቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የጻፉት ነው። ማስቀመጫውም የዳኛው ወይም የጸሐፊው ቤት፣ አልጋ ሥር ያለ ሳጥን ነው። ቤቱ ለልማት ሲነሣ ዕቃ የሚጫነው በአንድ ቀን ነው፤ ሳጥኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ቅጽ ግን እስካሁን በየትኛውም መስኮት አላየሁም።